የአፍንጫው ሰውዬ

ጋሽ አራጋው አረፈ ብለው የደወሉልኝ ዕለት መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ንዴት ነው። ንዴቱ በማግስቱ ቀብር ላይ ባሰበት። ያን ሰው በቁሙ ያቃጠለው የቀድሞ አለቃችን ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ የአበባ ጉንጉን አስይዞ መጣና ከሬሳው ራስጌ ቆሞ የሕይወት ታሪክ አነበበ። «ታታሪ፣ ምስጉን፣ ለሕዝብ ጤና የቆመ ባለሙያ» እያለ! የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ባይሆን ኖሮ እዚያው ጢቅ ብዬ እተፋ ነበር።

አንቺስ ብትሉኝ፣ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ መሀል ቆሜ ነበር። የተነበበው ውሸት መሆኑን ከኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም፤ ግን ዝም አልኩ። ዝም ማለት የቆየ ሙያዬ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው አለቃውን ለማማት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ራሴንም አልምርም።

ደሴ ውስጥ አብረን የሠራንበትን ቤት ስም አልጠራም። ሕፃናት የሚታከሙበት የመንግሥት ቤት ነው፤ ይኼ ይበቃችኋል። እኔ የተመላላሽ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነበርኩ። ጋሽ አራጋው የላቦራቶሪ ሰው ነው። ሥራው ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ከሚመጡ ልጆች አፍንጫ ናሙና መውሰድ ነበር። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ቀጭን እንጨት አለ፤ እሱን አፍንጫ ውስጥ ጠለቅ አድርጎ ያስገባል፣ ያዞረዋል፣ ያወጣዋል፣ ከዚያ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ በበረዶ ሳጥን ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ፈረንጅ አገር ይሄዳል ይሉን ነበር። ጉንፋኑ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚታየው እዚያ ነው። ልጆቹ ስሙን ስለማያውቁት «የአፍንጫው ሰውዬ» ይሉታል። ጋዋኑን ከሩቅ ሲያዩ አፍንጫቸውን በሁለት እጃቸው ጥርቅም ያደርጉታል።

እሱ ግን ዘዴ ነበረው። ሁለት እንጨት ይዞ ይመጣና አንዱን መጀመሪያ የራሱ አፍንጫ ውስጥ ይከታል። ዓይኑን አፍጥጦ «እ... እ... እጥሽ!» ብሎ ከወንበሩ ሊወድቅ ይደርሳል። ልጁ በሳቅ ሲፈነዳ በሁለተኛው እንጨት የልጁን ይወስድና ጨረሰ። አለቃችን አንድ ቀን ይኼን አይቶ «የሙያውን ክብር ዝቅ ያደርጋል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ልጅ በማሳቅ ማስጠንቀቂያ! ኤዲያ!

አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ የቄስ ልጅ ነበር። አባቱ ገጠር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱ ናቸው፤ የእሱም የእጅ ጽሑፍ የደብተራ ጽሑፍ ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ። እያንዳንዱ ናሙና በቁጥር ብቻ እንዲላክ ነው ደንቡ። እሱ ግን በራሱ ደብተር ላይ ከቁጥሩ ጎን የልጁን ስም፣ የእናቱን ስም፣ ሰፈራቸውን ይጽፋል። «ምን ያደርግልሃል?» ስለው «ቁጥር እናት የለውም» አለኝ። ሁልጊዜ የሚላት ሌላ ነገርም ነበረችው፤ «ውጤት የባለቤቱ ነው» ይላል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ መጀመሪያ አንቱ ብዬው ነበር። «አንቱታሽን ለአለቃሽ አቆዪው» ብሎ አስተወኝ።

መድኃኒቱ እንዴት እንደመጣ ደግሞ ልንገራችሁ። የወፍ ጉንፋን ወሬ አገር ባመሰ ጊዜ ለክፉ ቀን ተብሎ የጉንፋን ቫይረስ ይገድላል የተባለ ካፕሱል በካርቶን መጥቶ መጋዘናችን ተቀምጦ ነበር። ክፉው ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ የመድኃኒቱ ጊዜ ግን ሊያልፍ ተቃረበ። እንዲህ ሆኖ ሳለ ኅዳር ላይ ያ በየዓመቱ የሚመጣው ተራ ጉንፋን ሕፃናቱን ጣላቸው። ተራ አትበሉት፤ ትልቅ ሰው ላይ ነው ተራ የሚሆነው። የሦስት ዓመት ልጅ ደረት ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ «ጊዜው ሳያልፍ ደረታቸው ለተያዘ ሕፃናት ይሰጥ፣ በቀን ሁለት፣ ለአምስት ቀን» የሚል። ልብ በሉ፣ ጊዜው ሳያልፍ ነው የሚለው። ጭንቀቱ ስለ ካርቶኑ ነበር።

ከሚመጡት ብዙዎቹ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። አንድ ግቢ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል፤ የአንዱ ልጅ ካስነጠሰ በሦስተኛው ቀን ግቢው በሙሉ ይተኛል። እናትየዋ ከፈረቃዋ ትቀራለች፣ ደጋግማ ከቀረች ትባረራለች። ካልሆነም ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ታናሾቿን ታስታምማለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወንድሟን አዝላ፣ ታናሽ እህቷን እየጎተተች ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መጥታ ስትሰለፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ደግሞ «ወላጅ ሳይኖር አናይም» ብለን መለስናት። ብለናል፣ ምን ልዋሽ።

ሰዓዳን ያወቅኳት በዚያ ሰሞን ነው። ክር መፍተያ ክፍል የምትሠራ፣ ሃያ ስድስት ወይ ሃያ ሰባት ቢሆናት። ባሏ ሳዑዲ ነው። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ የስድስት ዓመቷ ከድጃና የሦስት ዓመቱ አህመድ። አህመድን አዝላ መጣች፤ ትኩሳት አለው፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ጋሽ አራጋው አስቆት ናሙናውን ወሰደ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አዘዘ። እኔ ካፕሱሎቹን ቆጥሬ ሰጠኋትና «እየከፈትሽ ዱቄቱን በማር ለውሺለት» አልኳት።

በስድስተኛው ቀን ብሶበት መለሰችው። ከመሀረቧ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ባዶ የካፕሱል ቀፎ ነው።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኳት።

«ባዶው ነው ሲስተር። ሁሉንም ሰጥቼዋለሁ፣ ወላሂ አንዲት አልቀረችም። እኛ ፋብሪካ ባዶውን ቦቢን ሳናስረክብ ክር ያለበት አይሰጠንም። እናንተም ትጠይቁኝ ይሆናል ብዬ አስቀመጥኩት።»

ሌላ መድኃኒት እንድሰጣት ነው። ባዶ ስታስረክብ ሙሉ የሚሰጣት መስሏታል። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ቀፎ ምን ይመሰክራል? ዱቄቱን ደፍተሽው ይሆናል» አልኳት። ሰልፉ በር ሰብሮ ሊገባ ነበር፣ ምሳ አልበላሁም፣ እግሬ አብጧል፤ ይኼ ሁሉ ግን ሰበብ አይሆነኝም። መድኃኒቱ ካልሠራ አሰጣጡን አጣሩ ይላል መመሪያው። ማጣራት ማለት ለኛ እናትን መጠርጠር ነበር፤ ለምዶብናል። ካርዱ ላይ «እናት መድኃኒቱን በአግባቡ አልሰጠችም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አህመድ አልጋ ያዘ። በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ለቤተሰብ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገሬን እንዳለች ገልብጠው ማኅተም መቱባት። ወረቀቱን የተቀበሉት ከቢስቲማ ለቀብር የመጡት የባሏ እናት፣ እማ ዘይነባ ናቸው። አንድ ተማሪ አነበበላቸው። ሴትዮዋ በሦስተኛው ቀን ከድጃን ይዘው ወደ ቢስቲማ ተመለሱ፤ «አንዱን ገደለችብኝ፣ ሁለተኛዋን አልሰጣትም» ብለው። ባልየውም ከሳዑዲ በስልክ «እናቴ ያለችው ነው» አለ። ሰዓዳ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ልጆቿን አጣች። እኔ ይኼን አላወቅኩም። አልጠየቅኩማ፣ ከየት ልወቅ!

ከአራት ወር በኋላ ውጤት መጣ። አለቃችን ጋሽ አራጋውንና እኔን ቢሮው ጠራን። ጋሽ አራጋው ወረቀቱን ተቀብሎ ከደብተሩ ቁጥር ጋር እያመሳከረ አነበበ። በዚያ ሰሞን ከላክናቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ መድኃኒቱን የተላመደ ቫይረስ ነበረባቸው። የአህመድም እንደዚያው ነው።

«ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ውሃ ነው ስንሰጥ የከረምነው ማለት ነው» አለኝ። «ያቺ ሴትዮ በየሰዓቱ ብታጠጣውም ያው ነበር።»

አለቃው ፊቱን አኮሳተረ። «የሚላመደው እኮ እናቶች እያቋረጡ ስለሚሰጡ ነው። ፖስተሩም ላይ አለ።»

«ይኼኛው እንደዚያ አይደለም። ከውጭ ሲገባ ተላምዶ ነው የገባው፤ ያንብቡት። ኮምቦልቻ የተቀመጠች ክር ፈታይ ምን አድርጋ ታላምደዋለች?»

አለቃው ወረቀቱን አጠፈና መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት። «ሕዝቡ በመድኃኒት ላይ እምነት ያጣል። ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«ውጤት የባለቤቱ ነው» አለ ጋሽ አራጋው።

«ባለቤቱ መንግሥት ነው!»

«መንግሥት አፍንጫ የለውም።»

ሳቄ አመለጠኝ። አለቃው ሲያየኝ ግን ወዲያው ዋጥኩት። ያ መሳቢያ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። የቢስኩት ፍርፋሪ፣ የጥርስ እንጨት፣ የስብሰባ ደብዳቤ ያለበት ነው፤ የሞተ ሕፃን ውጤት ከዚያ መሀል ገባ። በደብዳቤ የሚገድሉ ሰዎች መሳቢያ ሁልጊዜ ፍርፋሪ አያጣም።

ጋሽ አራጋው ወረቀቱ ቢቆለፍበትም ደብተሩ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ እየያዘ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በየቤቱ ይነግራቸው ጀመር። ልጃቸው የዳነላቸውን እንኳ አልተወም። «ያዳነው መድኃኒታችን አይደለም፣ የራሱ ጉልበት ነው። ደግሞ ከታመመ መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ አምጪው» ይላቸዋል። «አባቴ ቄስ ነው፣ የሰማውን ይደብቃል፤ ሥራው ነው። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ለማን ብዬ ነው የምደብቀው?» ይል ነበር።

የሰዓዳ ቤት ሲደርስ ጉዱን ሰማ። ሰኞ ጠዋት ክፍሌ ገብቶ በሩን ዘጋና ነገረኝ። «ወረቀቱ ላይ ያንቺ ፊርማ ነው ያለው ሲስተር» አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎ ብቻውን ቢስቲማ ሄዶ ሽማግሌዎቹን አነጋገረ። ሼህ እንድሪስ የሚባሉ የተከበሩ አባት እስኪጨርስ አደመጡትና «ልጄ፣ አንተ በአፍህ ትናገራለህ፣ ወረቀቱ በማኅተም ይናገራል። የጻፈችው ትምጣና እሷው በአፏ ትበለው። ያን ጊዜ ልጅቱን እኔ ራሴ አስረክባለሁ» አሉት። ይኼን ይዞልኝ መጣ።

«አልችልም» አልኩት። «ግምገማ ደርሷል። ልጆች አሉኝ ጋሽ አራጋው።»

«ሰዓዳም ልጅ አላት» አለኝና ወጣ።

ግምገማን የማያውቅ ትውልድ መጥቷል፣ ላስረዳው። ሁላችሁም አዳራሽ ትገባላችሁ። አንዱ ይነሣና ጠንካራ ጎኔ ይኼ ነው፣ ደካማ ጎኔ ያ ነው እያለ ራሱን ይከሳል። ከዚያ የቀረው በየተራ ይዘለዝለዋል። በዚያ ቀን ተዘልዛዩ ማን እንደሆነ ቀድሞ ከአለቃ ቢሮ ይሾልካል፤ ያልዘለዘለ ይጠረጠራል። ዕድሜዬን ሙሉ ከመግልና ከትውኪያ ጋር ኖሬያለሁ። እንደዚያ አዳራሽ ያቅለሸለሸኝ ነገር የለም።

ጋሽ አራጋው ተራው ሲደርስ ተነሣ። «ደካማ ጎኔ» አለ፣ «ውጤቱ የመጣ ዕለት አለመሄዴ ነው። ቅዳሜ ይድረስ ብዬ ቆየሁ። ስንፍና ነው፣ አርማለሁ።» ተቀመጠ። 

አለቃው እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ወደኔ ዞረ። «ሲስተር፣ አንቺ በቅርብ ታውቂዋለሽ።»

ተነሣሁ። «ከመዋቅር ውጭ ይንቀሳቀሳል። ያልተረጋገጠ ወሬ በሕዝቡ ውስጥ ያሰራጫል» አልኩ። በገዛ አፌ! ውጤቱ ሲነበብ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ! ጋሽ አራጋው ዞር ብሎ አየኝና ራሱን በቀስታ ነቀነቀልኝ፣ ገብቶኛል፣ ተቀመጪ እንደማለት። ስድብ ይረሳል፤ ያ ራስ መነቅነቅ ግን እስከ ዛሬ ይበላኛል።

ከላቦራቶሪ አነሡትና ቆሻሻ ማቃጠያው ላይ መደቡት። ደም የነካው ፋሻ፣ ጓንት፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት የሚቃጠልበት ጉድጓድ ነው፤ ጭሱ ልብስ ውስጥ ከገባ በሦስት እጥበት አይለቅም። ያ የጉንፋን መድኃኒት ተርፎ ጊዜው ሲያልፍ እዚያው መጣና በእሱ እጅ ተቃጠለ። አንድ ጊዜ በኅሊና ጸጸት መሰለኝ ወረድ ብዬ «እንዴት ነህ እዚህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ። እዚህ ያለው ቆሻሻ ቆሻሻ መሆኑ የታወቀ ነው» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ መውረዱን ግን አልተወም፤ ጭስ ጭስ እየሸተተ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰልፉ ውስጥ ልጅ ያልያዘች ሴት ነበረች። ካርድ አውጥታለች፣ ተራዋን ጠብቃ ገባች። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ነው የመጣችው መሰለኝ፣ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። እኔ የቀደመውን ልጅ ካርድ እየጨረስኩ ስለነበር ቀና አላልኩም።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አልኳት።

«ልጄን» አለች።

ቀና አልኩ። ሰዓዳ ናት።

«ካየኋት ስድስት ወር ሊሞላኝ ነው» አለች። «የፊት ጥርሷ ወልቋል አሉኝ። ማን እንደነቀለላት እንኳ አላውቅም። ሲስተር፣ የሞተውን አምጪልኝ አልልሽም። ስትደፋው ሳላይ ነው የጻፍኩት በይልኝ። እሷን ብቻ በይልኝ።»

 መልሴን አልጠበቀችም፤ ካርዷን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ወደ ማቃጠያው ወረድኩ።

«ዓርብ ቢስቲማ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ፈቃድ ጠይቂ።»

«አይሰጡኝም።»

«እንግዲያው ሳይፈቀድልኝ ሄድኩ ብለሽ ጻፊላቸው። አንቺ መጻፍ አያቅትሽም» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ነገር የወጣው ወቀሳ ይቺ ብቻ ነበረች። እንደፈራሁትም አልሆነም። ኋላ ላይ የደረሰብኝ አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ናት፤ አንዲት ወረቀት። ካወቅኩ ወዲህ ያን ያህል ሳምንት ሰው ያስነባሁት ያቺን ወረቀት ፈርቼ ነው። ሳስበው ራሴ ይሸተኛል።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከጋሽ አራጋው ጋር ሼህ እንድሪስ ግቢ ተቀመጥን። ዱዓ ተደረገ። እማ ዘይነባ ፊት ለፊቴ ናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው ከፊቴ የማይነሣ። ሰዓዳ ከጥግ ተቀምጣለች። ከድጃ ጓዳ ናት፣ ድምፅዋ ይሰማል። በተሰማ ቁጥር ሰዓዳ ጣቷን ትነክሳለች።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ ሼህ እንድሪስ።

«አዎ አባቴ።»

«ስትደፋው አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ማር ውስጥ ስትለውሰው ያየ ጎረቤት አለ። እሱን ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ታዲያ ምን ይዘሽ ጻፍሽ?»

«ልጁ አልተሻለውም። መድኃኒታችን የማይሠራ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ወይ እኛ ተሳስተናል፣ ወይ እሷ። እሷ ላይ ጻፍኩት።»

እማ ዘይነባ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «ያ አላህ! እኔ ማኅተም አምኜ እኮ ነው! የልጄን ሚስት ነፍሰ ገዳይ እያልኩ ከርሜ! ልጄን በስልክ እያስለቀስኩ! አኼራ ላይ ማን ነው የሚመልስልኝ? አንቺ ነሽ የምትመልሽልኝ?» አሉና በጎኔ ጢቅ ብለው ተፉ። አልከፋኝም። ቦታውን አልሳቱም።

እኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ከተበደለው እግር የሚወድቀው። ሁሉም የሚጠብቀው ይኼን ነበር፤ ሼሁም ወደኔ አዩ። እኔ ደግሞ ተቀምጬ ስለ ቀሚሴ አስባለሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ስለ ቀሚሴ! ንጹሕ ነበረ። ይኼን ሳስብ ጋሽ አራጋው ተነሥቶ በር ማስደገፊያውን ድንጋይ ጫንቃው ላይ አውጥቶ ሰዓዳ እግር ሥር ተንበረከከ።

«አውርደው ጋሼ! ያንተ አይደለም!» አለች ሰዓዳ ደንግጣ ተነሥታ።

«የኔም ነው» አለ ከአጎነበሰበት። «አፍንጫው ውስጥ እንጨት የከተትኩት እኔ ነኝ። እያሳቅኩ። ለምን እንደከተትኩ ሳልነግርሽ አራት ወር ሄደ። ውጤቱን ሳናውቅ መድኃኒቱን ያስያዝንሽ እኛ ነን፣ ልጅሽን ያስነጠቅንሽም እኛ ነን። ለቤቱም፣ ለራሴም አውፍ በይኝ።»

ሰዓዳ አለቀሰች። ድንጋዩን በራሷ እጅ ከጫንቃው አወረደችው። «አውፍ ብዬሃለሁ ጋሼ። ለአላህ ብዬ፣ አውፍ ብዬሃለሁ።»

ያን ጊዜ ነው እኔ የተነሣሁት። አንድ ሰው ሠርቶ ከጨረሰው በኋላ መነሣት ቀላል ነው። ድንጋዩን ላነሣ ጎንበስ ስል ሰዓዳ በእግሯ ገታችው።

«ተይው ሲስተር» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም። «እሱን አውፍ ብያለሁ። አንቺን ገና ነኝ።»

ሼህ እንድሪስ እንኳ «ተይ ልጄ» አላሏትም። እማ ዘይነባ ጓዳ ገብተው ከድጃን በእጇ ይዘው አወጧት፤ የሰዓዳን ጉልበት ስመው ልጅቱን አስረከቧት። ልጅቱ መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ አፏን ከፍታ የወለቀውን ጥርሷን ለእናቷ አሳየች።

ወደ ደሴ ስንመለስ እስከ ሐይቅ ከተማ በሚወስደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነበርን። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ሰዓዳ ከድጃን ታቅፋ መሀል፣ ጋሽ አራጋው በወዲያ በኩል። መንገዱ ጠጠር ነው፣ አቧራው ይገባል። ከቢስቲማ ከወጣን ትንሽ ቆይቶ ከድጃ ሳለች። አንዴ፣ ከዚያ ደገመች። ሰዓዳ ክው አለች። እኔ የሃያ ዓመት ልማዴ ነውና ሳላስበው እጄን ወደ ልጅቱ ግንባር ዘረጋሁ። ሰዓዳ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ በክንዷ እጄን መለስ አድርጋ ልጅቱን ወደ ወዲያኛው ጎን አዞረቻት።

«ጋሼ፣ አንተ እይልኝ» አለችው።

ጋሽ አራጋው የእጁን ጀርባ አንገቷ ላይ አሳረፈ፣ ትንፋሿን ቆጠረ፣ ሳይቸኩል። «ትኩሳት የላትም። አቧራ ነው» አላት። የነገረው ለሰዓዳ ነበር፣ ለኔ አይደለም።